80 ዶላር የሚያወጣ ካቴና ለሥራ መመላለሻ ሳይክል? እኔ አልስማማም

ሰሞኑን ብዙ ሳይክል ነጂ እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ካቴና ነው። በየቀኑ ሳይክል የሚነዳ ሰው ተራ ካቴና መግዛቱን ትቶ ውዱን፣ ወርቃማውን ወይም ጥቁር ቅብ ያለውን ይግዛ ነው የሚሉት ጸሐፊው። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል፦ ዕድሜው ይረዝማል፣ ያፈጥናል፣ ይቀላል፣ አይዝግም፣ የሚዞርበትን የማርሽ ጥርስ ያድናል፣ አይበጠስም። መጨረሻ ላይም ተራ ካቴና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው ብለው ደምድመዋል።

ሰውየው ሳይክል ይወዳሉ፤ ያስታውቃል። የእኔ ጥያቄ ምክሩ ለማን ነው የሚል ነው። ባህር ዳር ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ የሚመላለስ አለ። ሐዋሳ ላይ ልጁን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት አለ። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሰልፍ አንገፍግፎት ሳይክል የገዛ ወጣት አለ። በየቀኑ የሚነዳ ማለት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹ የሚነዱት ደግሞ ማርሽ የሌለው ወይም ከኋላ 6 ወይም 7፣ ቢበዛ 8 ማርሽ ያለው ሳይክል ነው። ጽሑፉ ላይ በምሳሌነት የቀረቡት ካቴናዎች ግን በሙሉ ለባለ 11 እና ለባለ 12 ማርሽ የተሠሩ ናቸው። ነገሩ የተበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

ለማንኛውም በቅደም ተከተል ልሂድ።

ዕድሜው ይረዝማል ለተባለው

ይሄኛው ትልቁ ነጥባቸው ስለሆነ እኔም ትንሽ ልቆይበት።

ካቴና ተለጠጠ እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ፒን የሚባል ትንሽ የብረት ዘንግ አለ። ካቴናው ጥርስ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይታጠፋል፣ በታጠፈ ቁጥር ፒኑና የውስጠኛው የጎን ብረት ይፋተጋሉ፣ በተፋተጉ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴና በ0.5 በመቶ ረዘመ ሲባል በየመገጣጠሚያው የተበላው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል። መቶ ምናምን መገጣጠሚያ ስላለ ግን ይደመራል፣ ካቴናውም ጥርሱ ላይ በትክክል መቀመጥ ያቅተዋል።

ታዲያ ፒኑን የሚበላው ምንድን ነው? አቧራ። የአሸዋ ብናኝ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ካቴና ከሚሠራበት ከአብዛኛው ብረት ይጠነክራል። ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፒኑ ዙሪያ የሚገባው ጥቁር ጭቃ ሞረድ ነው በሉት። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ባለበት መንገድ ላይ ይሄ ሞረድ 15 ዶላር የወጣበትንም 80 ዶላር የወጣበትንም ይሞርዳል። ዋጋ አይጠይቅም።

ጸሐፊው የሚያደንቁት ወርቃማ ቅብ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባል ነው። እውነት ነው፣ በጣም ጠንካራ ነገር ነው። ግን በአብዛኛው የሚቀባው የጎን ብረቶቹን ነው። ካቴና የሚያልቀው ደግሞ ውስጥ፣ ፒኑ ጋ ነው። በዕድሜ ላይ እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣው ፒኑና ሮለሩ (ፒኑ ዙሪያ የሚሽከረከረው ትንሽ ቀለበት) በክሮም ሲጠነክሩ ነው፤ እንዲህ ያሉ ካቴናዎች አሉ፣ ጥሩም ናቸው፣ ሁሉም ግን ወርቃማ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መልካቸው ተራ ግራጫ ነው። ይሄን ልዩነት ጽሑፉ አንድ ቦታ እንኳ አላነሳውም። ወርቃማ የሆነ ሁሉ ደግሞ ቲታኒየም ናይትራይድ አይደለም። ቀለም ብቻ የሆነም አለ፣ የታወቀ ስም አስመስሎ የተሠራም አለ፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ በማይታወቅበት ሱቅ ውስጥ ውዱን መምረጥ በራሱ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በውጭ ገበያ ጥሩ ስም ያለው የባለ 8 ማርሽ ካቴና 15 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ውዶቹ ከ60 እስከ 100 ዶላር ይደርሳሉ። ተራው 3,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ 75 ዶላር የወጣበት ዋጋውን ለመመለስ ብቻ 15,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። አምስት እጥፍ! ማን ነው በኛ አቧራ ላይ በአንድ ካቴና 15,000 ኪሎ ሜትር የሚሄደው? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ኪስ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ለአንባቢ አልነግርም።

ዕድሜ የሚጨምረው እጅ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት አቁሙ። ብዙ ሰው ጋራዥ ሄዶ በነፃ ተቀብሎ ይቀባል፤ ውስጡ ግን ጥቀርሻና የብረት ብናኝ አለ፣ ወፍራም ስለሆነም አቧራ ይሰበስባል። ካቴናውን አውልቃችሁ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በላምባ አራግፋችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት በየሮለሩ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ። ሌላ ከሌለ የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም ይሠራል፣ ቶሎ ቶሎ መደገም ይፈልጋል እንጂ። ትንሽ ቆይታችሁ ከውጭ ያለውን ዘይት በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አንሱት። የሚያስፈልገው ውስጥ ያለው ነው፤ ውጭ ላይ የሚያብለጨልጨው አቧራ ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚረጩም አሉ። ለማጽዳትና ውኃ ለማስወጣት ደህና ነው፣ ለካቴና ማለስለሻ ግን አይበቃም፤ ላዩ ላይ ዘይት ካልጨመራችሁበት ካቴናው ደርቆ መጮህ ይጀምራል።

ያፈጥናል ለተባለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው የውድድር ሰዎችን ጠቅሰው ባለሙያዎቹ ውድ ካቴና የሚጠቀሙት በከንቱ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በከንቱ አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ፣ ቢንያም ግርማይም በ2024 እዚያው ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ለኤርትራ ሲወስድ፣ ካቴናቸውን ከኪሳቸው አልገዙም። ስፖንሰር ያቀርባል፣ የቡድኑ መካኒክ ያጸዳል፣ ሳያልቅ ይቀየራል። እነሱ ለሰዓታት ከ200 ዋት በላይ እየረገጡ በሰከንድ ልዩነት ነው የሚሸነፉት ወይም የሚያሸንፉት።

እኛስ? ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የሚያወጣው ጉልበት ከ80 እስከ 100 ዋት ቢሆን ነው። በዚህ ጉልበት ላይ፣ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ዘይት ካላቸው፣ በውዱና በተራው ካቴና መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዋት፣ እንበል ሁለት ዋት ነው። በግምት ስሰላው ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ላይ ሩብ ደቂቃ ገደማ ያስቀድማችኋል። አንድ የትራፊክ መብራት ይበላዋል። ወይም መንገድ የሚያቋርጥ በግ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ስፓይሰርና ባልደረቦቻቸው የሳይክል ካቴና ምን ያህል ጉልበት እንደሚያባክን ለክተው ነበር። ጥሩ ሁኔታ ላይ 98.6 በመቶው ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ ይደርሳል። መጥፎ ሁኔታ ላይ 81 በመቶ። ዋናዎቹ ምክንያቶች ምን ሆነው ተገኙ? የጥርሱ መጠንና የካቴናው ውጥረት። ከኋላ 11 ጥርስ ካለው ትንሹ ይልቅ 21 ያለው ትልቁ ላይ ሲነዳ ብክነቱ ይቀንሳል። ማለስለሻው እንኳ፣ ላብራቶሪው ንጹሕ ስለነበር፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ጉልበት መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ትንሿ ጥርስ ላይ ከመንዳት ተቆጥቦ መካከለኛዎቹን ይጠቀም። ነፃ ነው። ጎማውንም ይንፋ፤ የላላ ጎማ የሚወስደው ጉልበት ከማንኛውም የካቴና ልዩነት ይበልጣል።

ይቀላል ለተባለው

የሳይክል ዕቃ አምራቹን የሺማኖን የባለ 11 ማርሽ ካቴናዎች ብናወዳድር በከፍተኛው በዱራ ኤስና በመካከለኛው በ105 መካከል ያለው ልዩነት 10 ግራም ገደማ ነው። ከቤት ስትወጡ የምትይዙት የግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ይመዝናል። ቀጣይ።

አይዝግም ለተባለው

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ፣ ቦታው ግን ይለያል። ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምትነዱ ከሆነ፣ አየሩ ጨውና እርጥበት የተቀላቀለበት ነው፤ ያልተቀባ ካቴና ውጭ ካደረ ቶሎ ይዝጋል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁም በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። እናንተ ዝገት የሚከላከል ካቴና ግዙ፣ ገንዘባችሁ አልጠፋም። ግን ለዚህም ቢሆን ውዱ አያስፈልግም፤ ዚንክ ወይም ኒኬል የተቀባ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል። ጨርሶ የማይዝግ ብረት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ አለመዛግና አለማለቅ የተለያዩ ናቸው፣ አለመዛጉ ብቻውን ፒኑን ከመበላት አያድነውም።

የጣና ውኃ ግን ጨው የለውም። የኛ የዝገት ምክንያት ክረምት ላይ ዝናብ የመታውን ሳይክል እንደነበረ አስቀምጦ መተኛት ነው። በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ትንሽ ዘይት ይነካ፣ አለቀ።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላዩት ነገር ደግሞ አለ፦ የካቴና ሽፋን። የኔዘርላንድስን የከተማ ሳይክል ወይም የድሮዎቹን የቻይና ትልልቅ ጥቁር ሳይክሎች ያየ ያውቀዋል። ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። አቧራም ዝናብም ሱሪም አይደርስበትም፤ በዚህ ምክንያት እዚያ ውስጥ ያለ ተራ ካቴና ለዓመታት ይቆያል። ማርሽ ለሌለው ሳይክል ከየትኛውም ወርቃማ ካቴና በፊት ሽፋን እመርጣለሁ፣ የተሰበረ ሽፋን ያለው ሰውም ነቅሎ ከመጣል ቢያስጠግነው ይሻላል። መካኒኮቻችን ሽፋኑን ለምን እንደሚጠሉት ግን ይገባኛል፣ የኋላ ጎማ ማውጣት ያሰለቻል።

ጥርስ ያድናል ለተባለው

ይሄ ከስድስቱ ጠንካራው ነጥብ ነው፤ ጸሐፊው ግን ምክንያቱን አሳስተውታል። ጥርስን የሚበላው የረዘመ ካቴና ነው። ተራም ሆነ ውድ፣ ከረዘመ በኋላ መንዳት ከቀጠላችሁ ጥርሱን እንደ ራሱ ቅርፅ ያበላሸዋል። ከዚያ አዲስ ካቴና ስታስገቡ አዲሱ በተበላው ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ክርክር ብሎ ያመልጣል፣ እናንተም ካቴናው አይረባም ትላላችሁ። እንዲያውም ውድ ካቴና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የባሰ ያደርገዋል፤ ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ እንዴት ቶሎ እጥለዋለሁ ብሎ ካለቀ በኋላም ይነዳዋል። ተራውን የገዛ ሰው በጊዜው ለመቀየር እጁ አያጥርም።

በጊዜው ማለት መቼ ነው? ኢንች ያለው የብረት ማስመሪያ ወይም ሜትር ይበቃል። ካቴናውን ወጥራችሁ የማስመሪያውን ዜሮ አንድ ፒን መሃል ላይ አድርጉ። ከዚያ 24 መገጣጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ከሆነ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል፣ 304.8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከ12 ኢንች በአንድ አስራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ በመቶ ረዝሟል፤ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩ፣ ባለ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግን ትንሽ ጊዜ አላችሁ፣ 307 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ። አንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈ ካቴናውን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ጥርሱም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ መለኪያ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ያላችሁ ተጠቀሙበት። ሳይክል ሠሪያችሁ ጋ ከሌለ ገዝታችሁ ስጡት፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጠቀማል።

አሁን ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበትን ቦታ ልስጣቸው። የባለ 12 ማርሽ የኋላ ጥርስ ራሱ ከ100 ዶላር በላይ፣ አንዳንዱም ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚያወጣ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ ላይ ቀስ ብሎ የሚረዝም፣ ፒኑ በክሮም የጠነከረ ካቴና መግዛት ብልህነት ነው። የኤሌክትሪክ ሳይክልም እንደዚያው፣ ግን ሁሉም አይደለም። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ከሆነ የእግራችሁም የሞተሩም ጉልበት በካቴናው ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ቶሎ ያልቃል፣ ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ሞተሩ ጎማው መሃል ላይ ከሆነ ግን ካቴናው የሚሸከመው የእናንተን እግር ብቻ ነው፤ ተራው ይበቃዋል። አውሮፓና አሜሪካ ምግብ እያደረሳችሁ የምትሠሩ ወገኖች ሞተሩ የት እንዳለ አይታችሁ ወስኑ።

አይበጠስም ለተባለው

ካቴና በጉልበት ብዛት ሲበጠስ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው የሚለያየው የተገጠመበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ጋ አሠራሩ ይታወቃል፦ ካቴናው ይረዝማል፣ በመዶሻና በምስማር ፒኑ ይመታል፣ ሁለት መገጣጠሚያ ይቆረጣል፣ ያው የወጣው ፒን ተመልሶ ይመታል። ማርሽ በሌለው ወፍራም ካቴና ላይ ይሄ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ቀጭኖቹ ላይ ግን አደጋ ነው። ባለ 8 ካቴና ከውጭ እስከ ውጭ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ባለ 12 ደግሞ 5.25 ገደማ፤ ፒኑ ከጎን ብረቱ ውጭ የሚተርፈው ነገር የለውም ማለት ይቻላል። አንዴ የወጣ ፒን ተመልሶ ሲገባ ቀዳዳውን አስፍቶታል፣ ዳገት ላይ ይለቃል። እዚህ ላይ 100 ዶላር የወጣበት ካቴና ከ15 ዶላሩ በላይ ይቅር ባይ አይደለም፣ ይልቁንም ቀጭኑ እሱ ነው። መፍትሔው ለዚያው ስፋት የተሠራ አዲስ ፒን ወይም በእጅ የሚገጠም ማያያዣ ነው። ከሁለት አንዱን ትርፍ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ ክብደት የለውም።

ጸሐፊው በምሳሌ ያነሱት፣ ተራ ካቴና ገዝቶ በሳምንቱ የተበጠሰበት ሰው፣ እኔ ስገምት ስፋቱ ያልገጠመ ካቴና ነው የገዛው። ማርሽ የሌላቸው ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስምንተኛ ኢንች የውስጥ ስፋት ያለው ካቴና ይወስዳሉ፤ ማርሽ ያላቸው ደግሞ ሦስት ሠላሳ ሁለተኛ ወይም ከዚያ የጠበበ። ሰፊው ማርሽ ባለው ላይ ሲገባ ይንሸራተታል፣ ይጠላለፋል፣ ማርሽ መቀየሪያውንም ይዞ ይሄዳል። ጠባቡ ወፍራም ጥርስ ላይ ከነጭራሹ አይቀመጥም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከዋጋ በፊት የኋላ ማርሾቻችሁን ቁጠሩ፣ ቁጥሩን ለሻጩ ንገሩት፣ የጎን ብረቱ ላይ የአምራቹ ስም በግልጽ የተመታበትን መካከለኛውን አስወጡ፣ በተረፈው ብር ደግሞ ዘይትና ማያያዣ ግዙ።